የቅዳሜ ልክ

— ሄሎ? … አቤት። … እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ሊያነሳው ነው? … ሦስቴ ደወልክ? አላየሁትም። … አይ፣ ልዋሽህ አልፈልግም፤ አይቼዋለሁ። አይቼ ነው ያላነሳሁት። እጄ ላይ የሰው ቀሚስ ነበር። … አልተቆጣሁም። … አልተቆጣሁም እኮ አልኩህ!

— ቆይ አንዴ፣ የስፌት ማሽኑ አላሰማኝም። … እትዬ፣ እዚህ መለኪያ ክፍል ገብቼ ላናግረው፣ አንድ ደቂቃ። … እሱ ነው፣ ባለቤቴ። … እሺ፣ እለዋለሁ። … እትዬ ሰላም በይልኝ ብለዋል። ቁልፍ ተካይዋም። እሷማ "የልጅ አባት እንዴት ሰነበተ በይው" ነው ያለችው። … አዎ። … አዎ፣ ታስቃለች።

— አሁን ይሻላል። መጋረጃውን ስቤዋለሁ። … የት ደረስክ? … የጭነት መኪና ሚዛኑ ላይ? ስንት መኪና አለ ከፊትህ? … አሥራ አራት። ጥሩ። … ጥሩ ያልኩት ጊዜ አለህ ብዬ ነው እንጂ፣ ወረፋውስ ለጠላትም አይስጥ። … ምንም አልሆንኩም። … ድምፄ ምን ሆነ? መርፌ በከንፈሬ ይዤ ነው። … እሺ፣ ይኸው አወጣሁት። ያው ነው አይደል? … ያው ነው።

— ምርመራው? … ሄጃለሁ፣ ትናንት። … አዎ፣ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። … ፎቶም ሰጥተውኛል፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። … ምን ይመስላል? … ጥቁርና ነጭ ነው። … ማንን እንደሚመስል እኔ እንጃ። … ወንድ ይሁን ሴት አላሉኝም። … አልጠየቅኩማ። … አንተ ደግሞ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አታዋክበኝ፤ አንድ በአንድ።

— ምን ሰቀልክ? … የመኪናህ መስታወት ላይ? … የሕፃን ጫማ። ማን ሰጠህ? … ገዛኸው። … ቢጫ። … አዎ፣ ቢጫ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፣ ልክ ነህ። … አንዱን ብቻ ነው የሰቀልከው? ሌላውስ? … የደረት ኪስህ ውስጥ። …

— ማን አየው? … የሚዛኑ ሰውዬ? ለሚዛኑ ሰውዬም ነገርከው? … እንኳን ደስ ያለህ አለህ። … ለእናትህስ? … ባለፈው ሳምንት። አምስት ወር እስኪሞላ ለማንም አንናገርም ተባብለን አልነበረም እንዴ? … አለቀሱ? … በደስታ። … ተው። እባክህ ተው፣ አትንገረኝ። … አይ፣ በአንተ አይደለም። ቆይ፣ ልቀመጥ። … ወንበር የለም፣ ጥቅል ጨርቅ ላይ ነው የተቀመጥኩት። … ስማኝ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው። እስክጨርስ ድረስ አንድ ቃል እንዳትናገር። ከተናገርክ አልጨርሰውም። … አልናገርም በል። … እሺ።

— የእትዬን ሜትር ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት፣ ወገቤን ይለኩኝና ከበሩ ጀርባ በጠመኔ ይጽፉታል። ሰባ አንድ ብለው ጀመሩ፤ ያለፈው ቅዳሜ ሰባ ዘጠኝ ገባሁ፣ አጨበጨቡ። አራት ወር የወር አበባ የለም፣ ወገብ ይሰፋል፣ የማሽን ዘይት ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል። እነሱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴት ሲለኩ የኖሩ ናቸው። እትዬ "ሜትር አይዋሽም" አሉ፤ እኔም አመንኩ። በሽንት የሚመረመረውን አንዴ ሞክሬው ነበር፣ አንድ መስመር ብቻ አወጣ። ቁልፍ ተካይዋ "ገና ነው፣ ቸኩለሽ ነው" አለችኝና ጣልኩት። ለአንተ አልነገርኩህም። ይቅርታ።

— ትናንት አልጋው ላይ ተጋደምኩ፣ ሆዴን ቀዝቃዛ ነገር ቀቡኝ፣ ዶክተሯ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። አይኔን ተክዬ ስፈልግ፣ ስፈልግ … "የታለ?" አልኳት። "ምኑ?" አለችኝ። … ልጅ የለም። ሞቶ አይደለም፣ ወርዶም አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። የዋሸሁህ እንዳይመስልህ፣ በእናቴ፣ እኔም አላወቅኩም። ይቅርታ አድርግልኝ። የበሽታውን ስም ነገረችኝ፣ ረጅም ነው፣ አልያዝኩትም። የአገጬ ፀጉርም ከእሱ ነው አለችኝ። አንተ አታውቀውም፤ አገጬ ላይ ፀጉር ያበቅላል፣ እንደዚያች ጢማም እያሉ እንደሚስቁባት አክስቴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ቦታ በወረንጦ እየነቀልኩ፣ ወረንጦውን የቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ እየደበቅኩ … ይቅርታ። እናትህን በምን አይኔ አያቸዋለሁ? ይቅርታ በላቸው። "ትወልጃለሽ" አለችኝ ዶክተሯ … ወይም "አትወልጂም አላልኩም" ነው ያለችኝ፣ ዞሮብኛል፣ ግማሹን አልሰማሁም። ሌላ ሴት አግብተህ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ያ ጫማ ልክ የሚሆነው ልጅ ነበረህ። ይቅርታ። ጨረስኩ።

— ጨረስኩ አልኩ። አሁን ተናገር። … ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ሄሎ?

— ተቋረጠ እንዴ? ይሄ ስክሪን ደግሞ ተሰንጥቆ ምኑም አይታይ። … ሄሎ? አለህ? … ዝም ያልከው አንተ ከሆንክ አንዴ እንኳ ሳል። …

— ምነው ማሽኑ ሁሉ ቆመ? … እትዬ? … ምንም አይደለም እትዬ፣ ስልኩ ተቋርጦ ነው። … አላለቀስኩም፣ ጉንፋን ነው። … ነጮቹ ቁልፎች? ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከታች ናቸው። … ኧረ አይድፉት! እኔ መጥቼ አወጣቸዋለሁ። … አይ፣ ሜትሩን አሁን አያምጡት። … ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ። ትንሽ ይቆዩኝ።

— ሄሎ? … መጣህ? … የት ሄደህ ነው? … ኔትወርኩ። … የት ድረስ ሰማኸኝ? … "አንድ ነገር ልነግርህ ነው" እስካልኩት? … ከዚያ ወዲያ ምንም? … የሜትሩንም? … ዶክተሯንም? … ኧረ በእግዜር! ታዲያ ያን ሁሉ ለጥቅል ጨርቁ ነው የነገርኩት? … አልችልም። … አልችልም፣ አንዴ ለመናገርም ነፍሴ ወጥታ ነው። ቤት ስትመጣ። … ሐሙስ? እስከ ሐሙስ እኔ እያወቅኩ፣ አንተ ያንን ጫማ ይዘህ በየኬላው … አይሆንም። … እሺ። ቆይ፣ ልተንፍስ።

— እርጉዝ አይደለሁም።

— አዎ። … አይደለሁም። … አልወረደብኝም፤ አልነበረም። ሜትሩ ያሳየው ውፍረት ነው። … ሜትሩስ አልዋሸም፣ ሰባ ዘጠኝ ነኝ። ሜትር ስንት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። የቀረውን የሞላንለት እኛ ነን። … እህ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እነ እትዬ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለሕፃኑ ብርድ ልብስ ሰፍተው ጨርሰዋል እኮ፤ የዚህ ሰፈር ሰው ቀሚስና ሱሪ ሁሉ አለበት። እዚሁ ጥግ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ እያየሁት ነው። … ምን ላድርገው? … እኔም አላውቅም።

— የበሽታው ስም? ቆይ፣ ወረቀቱን ላውጣ። የኮሌታ ልክ የሚቆረጥበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የጻፍኩት። … ፖሊ … ሲስቲክ … ኦቫሪ … ሲንድረም። … እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንደ ባቡር አያልቅም። … እንዲህ ነው ያለችኝ፤ በየወሩ አንዲት እንቁላል በስላ መውጣት አለባት። የእኔ ብዙ ትንንሾች አብረው ይጀምሩና አንዷም ሳትበስል ይቀራሉ። ፎቶው ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ናቸው፣ ጠርዝ ጠርዙን ተደርድረው፤ ቁልፍ ነው የሚመስሉት። … ዕጢ አይደለም። እኔም ዕጢ መስሎኝ "ቀዶ ጥገናው መቼ ነው?" አልኳት። የለም አለችኝ። ስሙ ነው ሰው የሚያሳስተው አለች። ታዲያ ስሙን ለምን አትቀይሩትም? ስላት ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር።

— ከምን መጣ? … እሷም አንድ ነገር ብላ አልቆረጠችልኝም። ሆርሞን ነው፣ ስኳር አለበት፣ ዘር አለበት … ከመቀመጥ ብቻ አይደለም። … አንተም እኮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትውለው፤ የአንተ ሆድማ ከበሩ ጀርባ ቢጻፍ ጠመኔው ያልቅ ነበር። … እሺ፣ አልቀለድኩም። … በዘር ያልኩህ፣ ያቺ አክስቴ ትዝ ብላኝ ነው። ልጅ አልነበራትም። ሰው መካን ይላት ነበር፣ አንዳንዱም ከዚያ የባሰ ይላት ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ አብሬ ስቄባታለሁ። ማንም ስክሪን አዙሮ "ይኸው፣ ይሄ ነው ያለብሽ" አላላትም። ትናንት ሌሊቱን እሷን ነው ሳስብ ያደርኩት።

— መድኃኒትማ ሰጥታኛለች። ጭራሽ ያዞረኝ እሱ ነው። … የወሊድ መከላከያ። … በትክክል ሰምተሃል። ልጅ እፈልጋለሁ ብዬ ሄጄ የወሊድ መከላከያ ይዤ ወጣሁ። … እኔም እንደ አንተው ነው ያልኩት! ፋርማሲ ሄጄ "ተሳስታለች" አልኩት። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን አየ፣ እኔን አየ፣ "አልተሳሳተችም እህቴ" አለኝ። አላመንኩትም። ወደ ዶክተሯ ደረጃውን መልሼ ወጣሁ፣ ሰው ገብቶ ስለነበር በሩ ላይ ጠበቅኳት። … ለጊዜው ነው አለች፣ ለሦስት ወር፣ የወር አበባው መልክ እስኪይዝ። ያን ያህል ወር ሳይመጣ መቆየቱ ራሱ ለማህፀን ጥሩ አይደለም አለች። ከዚያ እንቁላሏን የሚያበስል ሌላ ክኒን አለ። የስኳር ምርመራ አዛለች፣ በእግር መሄድ፣ ትንሽ ክብደት መቀነስ … አዎ፣ ለመውለድ መጀመሪያ አለመውለድ። ነገሩ ለሰሚው ግራ ነው። ለተናጋሪዋም ግራ ነው። ክኒኑን ትናንት ማታ እጄ ላይ አድርጌ ስንት ሰዓት እንዳየሁት አትጠይቀኝ።

— ዋናውን? … ጠይቄያታለሁ። መጀመሪያ የጠየቅኳትም እሱን፣ መጨረሻ የጠየቅኳትም እሱን ነው። … "ብዙዎቹ ይወልዳሉ" አለችኝ። … "ብዙዎቹ" ነው ያለችው። … ብዙ ማለት ስንት እንደሆነ እኔም አላውቅም። በእኛ ሙያ ብዙ የሚባል ልክ የለም፤ ቁጥር ነው የሚጻፈው። እኔ ከብዙዎቹ ነኝ ወይስ ከቀሪዎቹ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ፈራሁ። … ፈርቻለሁ፣ አዎ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፣ ለትምህርት ቤት ልብስ። እጅጌውን ሁለቴ ለካሁት፣ ሁለቴም የተለያየ ቁጥር ጻፍኩ። እትዬ አይተውኝ "እርጉዝ እንዲህ ነው፣ ይዘነጋል" አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

— አልነገርኳቸውም። ለማንም። መጀመሪያ ለአንተ ነው። … እና ደግሞ … አንተንም ጠይቃለች። "ባልሽስ ተመርምሯል?" አለችኝ። ሁለቱንም አይቶ መጀመር ይሻላል ብላ ነው። … ደስ ካላለህ … ትመረመራለህ? … እንዲህ በአንድ ቃል? እኔ ይሄን እንዴት እንደምነግርህ ሳስብ ትናንት አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ አሳልፎኛል እኮ። … እሺ። … እሺ፣ ሐሙስ አብረን። … ስንት መኪና ቀረ? … ዘጠኝ። ተጠጋ እንግዲህ፣ ከኋላ ሲጮሁብህ ይሰማኛል። … ይጩሁ? … እሺ፣ ይጩሁ።

— ለእናትህ? እኔ ነኝ የምነግራቸው። … አይሆንም፣ ከአንተ አፍ ከሰሙ "ፈርታ ነው እሱን የላከችው" ይላሉ። … ምን እንደምላቸው አላውቅም። ለአንተም ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ ወጣ። … ይቆጡ ይሆናል፣ ያለቅሱ ይሆናል … አዎ፣ መልካም ሴት ናቸው። እሱ ነው የባሰብኝ። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

— ምን? … ምን ወረንጦ? … "ቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ አትደብቂው፣ ቤት እኔ ራሴ …" ቆይ። ቆይ ቆይ። እሱን አሁን አልነገርኩህም። እሱን የነገርኩህ ቅድም ነው፣ ተቋርጦ ነበር ባልከው ጊዜ። … አንተ። … ሰምተሃል። … ሁሉንም? … ከሜትሩ ጀምሮ? … አልተቋረጠም ነበር ማለት ነው።

— አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ነፍሴ እስክትወጣ ሁለተኛ ታስለፈልፈኛለህ? ለጥቅል ጨርቁ ነው የነገርኩት እያልኩህ "አዎ፣ አልሰማሁም" ትለኛለህ? … ለምን? … ለምን እኮ ነው የምልህ። … ጮክ በል፣ ያ ሁሉ ክላክስ … ምን ቆጠርክ? … ይቅርታ ያልኩትን? … ስንት? … አምስት ጊዜ። …

— "ይቅርታ" የሌለበትን መስማት ፈለግህ። …

— እና ሁለተኛው ላይ አላልኩም? … አንዴም? … አላስተዋልኩትም። …

— አለሁ። … አለሁ፣ አልተቋረጠም። ቆይ፣ ፊቴን ልጥረግ። …

— እሱ ብቻ ነው ግን? ለእሱ ብቻ ነው ዝም ያልከው? እውነቱን ንገረኝ። … ድምፅ አልወጣልህም። … ከመኪናው ወርደህ ነበር? … ጎማው ጋ ቁጭ ብለህ። … ሰውዬው ምን አለህ፣ የሚዛኑ? … ጎማ የሚያይ መሰለው። … እሺ። … እሺ፣ የኔ ጌታ። እኔም ትናንት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው ያለቀስኩት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። በሁለት ቦታ ከምናለቅስ …  እሺ፣ ሐሙስ።

— ጫማው? … እኔ እንጃ። … ማውረድ? … አይ፣ አሁን ብታወርደው አንድ ሰው የሞተ ይመስላል። ማንም አልሞተም። … ይሰቀል ደግሞ ልልህ አልችልም፤ በየሄድክበት ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲልህ … ሁለቱንም ኪስህ … አይ፣ እሱም አይሆንም። እውነት አላውቅም። አንተ ምን ትላለህ? … አታውቅም። … እንግዲያው ሁለታችንም አናውቅም ማለት ነው። … ደህና ነው። ከትናንት ጀምሮ ብቻዬን ነበር የማላውቀው።

— ሂድ፣ መኪናህን አንቀሳቅስ፣ ሰዎቹ ሊደበድቡህ ነው። ቀስ ብለህ ንዳ። … እትዬ ሜትሩን ይዘው መጋረጃው ጋ ቆመዋል፣ እግራቸው ከሥር ይታየኛል። … እነግራቸዋለሁ፣ አሁን። … አዎ። … አዎ፣ እንደ ሁለተኛው አድርጌ። … ቻው።